የቀያሹ መኪና የፊት ወንበር

ሐሳቡን ያመጣው መነጽር ሠሪው ራሱ ነበር። የነዳጅ ዋጋ በጨመረ ቁጥር አሮጌ መኪናውን እየተራገመ ሲነዳ ከረመና በመጨረሻ ግቢ ውስጥ አቁሞ በሸራ ሸፈናት። እሱ በአውቶቡስ ሊሄድ፣ ነርሷ ሚስቱ ደግሞ ከእነሱ በታች ባለው ፎቅ ከሚኖረው የመሬት ቀያሽ ጋር ነዳጅ ተጋርታ ልትሄድ ሆነ። የቀያሹ መሥሪያ ቤት ከሆስፒታሉ አጥር ጎን ነው።

«ከሰው ጋር መሄድ ይጨንቀኛል» ብላው ነበር።

«አንድ መንገድ ለሚሄዱ ሰዎች ሁለት ሞተር ማስነሳት እብደት ነው» ብሎ አሳመናት።

ጭንቀቷ ቶሎ ለቀቃት። ጠዋት በመስኮት ቁልቁል ሲያይ፣ መኪናው ገና ከበር ሳይወጣ ሚስቱ ትስቃለች። ከእሱ ጋር ስትሄድ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ነበር የምታንቀላፋው። አውቶቡስ ውስጥ የሰው ክርን ጎኑን እየወጋው ያ ሳቅ ከጆሮው አልወጣ አለ። ሱቁ ደርሶም አልለቀቀው፤ አንድ ቀን የአንዲት ሴትዮን መነጽር የግራ ሌንስ በቀኝ በኩል ገጠመው።

«ጌታው፣ ዓለሙ ሁሉ ተንጋደደብኝ እኮ» አለችው።

«የኔም ያው ነው» አለ በሆዱ።

እራት ላይ አላስችል አለው። «ምን ቢነግርሽ ነው እንዲያ የምትስቂው?»

«ማን?»

«ሹፌርሽ ነዋ!»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አንተ ሰውዬ፣ ቀናህ እንዴ?»

«ምን ያስቀናኛል!» አለ። ጆሮው ግን ፍም መስሏል።

በማግስቱ «በዚያ በኩል ጉዳይ አለኝ» ብሎ ከኋላ ተጫነ። «ጋሼ፣ እንኳን መጡ!» አለ ቀያሹ። «ጋሼ» መባሉም አበሸቀው፤ ሸምግለሃል የተባለ መሰለው።

ቀያሹ ወሬኛ ሆኖ አልተገኘም። የምታወራው እሷ ነበረች። የዋርድ ኃላፊዋን አነጋገር፣ መርፌ ፈርቶ አልጋ ሥር የተደበቀውን ፖሊስ፣ ድምፃቸውን እያስመሰለች ትተርካለች፤ ቀያሹም መሪውን ይዞ ይፍለቀለቃል። መነጽር ሠሪው ሳያስበው ሳቀ። ወዲያው ግን ቅናቱ ባሰበት። የገዛ ሚስቱን ጨዋታ፣ ስንት ዘመን አብሯት ኖሮ፣ በሰው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይስማው?

ሆስፒታሉ በር ላይ አብሯት ወረደ። «የፖሊሱን ወሬ ለኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጀምሬልህ ነበር» አለች ኮቷን እያስተካከለች። «አንተ የነዳጁን ጌጅ እያየህ ‹ቆይ፣ ቆይ› አልከኝ። እኔም ተውኩት።»

እሷም ሰዓት ረፍዶባት ገባች።

ነዳጅ አልረከሰም፤ እሱም ውሳኔውን አልቀየረም። ቀያሹ ለሥራ ወደ ገጠር በሚወጣበት ጊዜ ግን ባልና ሚስት በአንድ አውቶቡስ ይሳፈራሉ። እሷ ብረቱን ጨብጣ ቆማ የሆስፒታሉን ጉድ ትነግረዋለች፣ እሱም አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። አጠገባቸው የቆሙት ሁሉ ጆሯቸውን ሲጥሉ ታዲያ አንጀቱ ይቃጠላል።

«ዝግ አድርገሽ አውሪ እንጂ!» ይላታል።

እሷ ይባስ ብላ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች።