ባሕር ጫማውን የወሰደበት ሳምንት

አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ነገር ሮቶ ማጠብ ነው። ቃሊቲ በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ሮቶውን ባዶ ማግኘት ከባድ ነው፤ ወይ አለ ተብሎ ይቆጠባል፣ ወይ ሲመጣ ተሽቀዳድመን እንሞላዋለን። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን እስከ ታች ደርቆ ነበርና ባለቤቴ «ሳይመጣ እንጠበው» አለ። እሱ የብረት መቆሚያው ላይ ወጥቶ እስከ ትከሻው ወደ ውስጥ ገባ፤ እኔ ከታች ሆኜ ከጀሪካን በጆግ እየቀዳሁ በረኪና ያለበት ውሃ አቀብለው ነበር።

«ምን ይታይሃል?» አልኩት።

«የአምና ጭቃ» አለ፤ ድምፁ ከበርሜል ውስጥ እንደሚወጣ ሆኖ። «ሳታይው ስትጠጪው የከረምሽው።»

«አንተስ ምን ስትጠጣ ከረምክ?»

«እኔማ ባርኬ ነው የምጠጣው።»

ቧንቧው ማንኮራፋት ሲጀምር ጭንቅላቱን አውጥቶ «ባሕሩ መጣ!» አለ። ውሃ በመጣ ቁጥር እንደዚያ ይላል። ወረደ፣ የራሰውን እጅጌውን ጨመቀ፣ «ትንሽ ጋደም ልበል» አለና ገባ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ በቀን ጋደም ሲል አይቼው አላውቅም። ስለዚህ ደስ አለኝ። እንዳይረበሽ ብዬ የቧንቧውን ጎማ ቀስ አድርጌ ሮቶው ውስጥ ከተትኩት። ምሳ ልጠራው ስገባ አልነቃም። ጎረቤታችን የወሎው ሹፌር በመኪናው እየበረረ ሆስፒታል አደረሰን፤ ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። በዚያው ቀረ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። ይህንንም የምጽፈው እየተነሣሁ፣ በሩን እያየሁ፣ እየተመለስኩ ነው። መጻፍ የፈለግኩት ስለ አሟሟቱ አይደለም። ስለዚያ ስለ ባሕሩ ሳምንት ነው፤ ወደዚህ ወደ እናቴ ቤት የመመለሳችን ነገር የተቆረጠው እዚያ ስለሆነ።

የላከችን ቤተ ክርስቲያን ታንዛኒያ ውስጥ፣ ከባሕር ርቃ በምትገኝ ትንሽ አቧራማ ከተማ መድባን ነበር። እሱ ወንጌላዊ ነው፤ በብስክሌት ከመንደር መንደር ይዞራል። እኔ ሴቶችን ስፌትና ንባብ አስተምራለሁ። ልጅ አልወለድንም። የመጀመሪያው የአገልግሎት ዘመናችን ሊያልቅ ሲል ከአገር ቤት ጥያቄ መጣ፤ ትቀጥላላችሁ ወይስ ትመለሳላችሁ? እሱ መቀጠል ፈለገ። እኔ ለእናቴ አንድ ነኝ። እናቴ የአቃቂ ገበሬ ልጅ ናት፤ የአባቷ እርሻ ከተማ ሆኖ እሷ ግን ከግቢዋ ንቅንቅ አላለችም። በዚያው ሰሞን ቧንቧ ስር አንሸራትቷት ወድቃ ነበር።

መነጋገር አልቻልንም፤ በተነጋገርን ቁጥር ተኳረፍን። በመጨረሻ እሱ «ለዕረፍት ወደ ባሕሩ እንሂድ፤ እዚያ አስቤበት ቅዳሜ ማታ መልሱን እነግርሻለሁ። የምለው ይሆናል፣ ግን እስከዚያ አትጠይቂኝ» አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ደክሞኝ ነው።

ባሕሩ ዳር ያለችው ቤት የቤተ ክርስቲያን ማረፊያ ናት፤ ቆርቆሮዋ ጨው የበላው፣ በረንዳዋ ግን ሰፊ። አብረውን የነበሩት ሌላ ከተማ የሚያገለግሉ ኢትዮጵያውያን ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው የባለቤቴ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው፤ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደገ፣ ከእኛ መካከል መዋኘት የሚችል እሱ ብቻ። ሚስቱ ነርስ ናት፤ ስትናገር ሁሉም ሰው በሽተኛዋ ይመስላታል። ገና ሻንጣ ሳናወርድ ሕግ አወጣች።

«በዚህ ሳምንት ስለ ሥራ የሚያወራ ሰው የአራታችንንም ዕቃ ያጥባል።»

የመጀመሪያው ራት ላይ ባለቤቴ እንዲጸልይ ተጠየቀ። ምግቡን ባረከ፤ ቀጥሎ መንደሮቹን አንድ በአንድ ማንሣት ጀመረ። የተጠመቁትን፣ ሊጠመቁ ያሰቡትን፣ ጣሪያ የጎደለውን ጸሎት ቤት። ሩዙ ቀዘቀዘ። ነርሷ ዓይኗን ገልጣ «አሜን!» አለች። «ይኼ ጸሎት ሳይሆን ሪፖርት ነው። ዕቃ!»

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ዕቃ ያጠበው እሱ ነው። ደስ ብሎት ነው የሚያጥበው፤ ሥራ ነዋ።

በማግስቱ ጠዋት ባሕሩ ርቆ ሸሽቶ ስለነበር በደረቁ አሸዋ ላይ ብዙ ሄድን። ባለቤቴ ቤት ደጃፍ ላይ እንደሚያደርገው ጫማውን አውልቆ፣ ግራና ቀኙን አስተካክሎ፣ ካልሲውን ውስጡ ከትቶ አኖረው። የደብረ ብርሃን ሰው ነው፤ ያኖሩት ነገር ባኖሩበት ይገኛል ብሎ ያምናል። ቀንድ አውጣና ሸርጣን እያየን ቆይተን ስንመለስ ጫማው የነበረበት ቦታ ባሕር ሆኗል።

«ዓሣ አጥማጆቹ ነገሩኝ እኮ፣ ባሕሩ ይሄዳል ይመጣል ብለው» አለ ጓደኛው ጭንቅላቱን ይዞ።

«ታዲያ አንተ ምን ይዞህ ዝም አልክ? የውሃ ልጅ ነኝ ትል የለ?» አለ ባለቤቴ።

«ሐዋሳ ውሃው ቤቱ ነው የሚያድረው ወንድሜ! እኔ ምን ላድርግ!»

ሁላችንም ሳቅን። ባለቤቴ ግን ቁልቁል እግሩን አየ። የያዘው ጫማ ያ ብቻ ነበር። ጓደኛው ነጠላ ጫማ አዋሰው፤ ተረከዙ ወደ ውጭ የሚተርፍበት። በዚያ ርቆ መሄድ አይቻልም። ነርሷ «ጌታ አዋቂ ነው፣ እግርህን አሰረልን» አለችው።

አልታሰረም። የመታጠቢያ ቤቱን በር ማጠፊያ ነቅሎ አስተካከለ። የበረንዳውን አግዳሚ ሚስማር መታ። በባዶ እግሩ ዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ ሄዶ መረብ ሲጠግኑ አብሯቸው ጠገነ፤ ድንጋይ ተረከዙን ቆርጦት መጣ። ነርሷ እያሰረችለት «ቁጭ በል» ትለዋለች፤ እሱ ቁጭ ብሎ ሽንኩርት ይከትፋል።

እኔም ከእሱ አልሻልም ነበር። ስልክ የሚሠራው ከቤቱ ጓሮ ደረጃው ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ እየወጣሁ እናቴ ጋ እደውላለሁ።

«ወገብሽስ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ። እናንተ የያዛችሁትን ጨርሱ።»

«ያን ቀን ማን አነሣሽ?»

«የሹፌሩ ሚስት ናታ፣ ወሎዬዋ። እሷ ባትመጣ እዚያው ነበርኩ።» ቀጥላ «በሉ ጨርሱ፣ ጨርሱ» ትላለች። እናቴ አንድ ነገር ደጋግማ ስትለኝ ተቃራኒውን ማለቷ እንደሆነ ከልጅነቴ አውቃለሁ።

ሐሙስ ቁርስ ላይ አላስቻለኝምና «አሰብክበት?» አልኩት። እሱ መልስ ሳይሰጥ ነርሷ ጣቷን ቀሰረችብኝ። «ይኼ ስለ ሥራ ነው! ዕቃ!» ቀልዷን ነው፤ በመካከላችን ያለውን አታውቅም። ያን ቀን ሳህኖቹን ሳጥብ አንዱን ሰበርኩ። ባለቤቴ ስብርባሪውን ለቀመልኝ።

ከሰዓት ጓደኛው በውሃ ላይ መንሳፈፍ ሊያስተምረው ወሰደው። እኔና ነርሷ ቀሚሳችንን እስከ ጉልበት ሰብስበን ዳር ላይ ቆመን እናይ ነበር።

«በጀርባህ ተኛ። አሁን ምንም አታድርግ።»

«ምንም አለማድረግ እንዴት ነው የሚደረገው?»

«ዝም በላ! አንገትህን ልቀቀው!»

ይለቃል፣ ወዲያው እግሩ ይራገጣል፣ እጁ አየር ይጨብጣል፣ ይሰምጣል። ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ጨው እየተፋ ይነሣል።

«አንተ ሰውዬ ውሃው ላይም ስብሰባ ልትጠራ ነው እንዴ?» ይጮኻል ጓደኛው። ነርሷ እስክታነባ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ሲሰምጥ ባየሁት ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ ውሃው እገባ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት እነሱ ዓሣ ሊገዙ ሄዱ። ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር። «ነይ ያዢኝ» አለኝ። እኔ የማውቀው ወንዝ የአቃቂን ወንዝ ነው፤ እሱ ውስጥ ደግሞ ማንም ጤነኛ ሰው አይገባም። ቢሆንም ከነቀሚሴ ገባሁ። እሱ በጀርባው ተኛ፤ እኔ መዳፌን ማጅራቱ ስር አደረግኩ። አንገቱ እንደ እንጨት ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮው ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ነው መሰለኝ ጮክ ብሎ ተናገረ።

«እዚህ መንገድ ላይ ሁሉም ሰው መምህር እያለ ነው የሚጠራኝ። እዚያ ብመለስ ማን ነኝ? የአማቱ ግቢ ተቀምጦ የሚውል ሰው ነኝ።»

መልስ ብሰጠውም አይሰማም። ማጅራቱን ይዤ ቆምኩ። ከቆይታ በኋላ አንገቱ መዳፌ ላይ ቀለለ። እጄን ትንሽ ዝቅ አደረግኩ፤ አልተከተለኝም። ጨርሼ አወጣሁት። ተንሳፈፈ። ፊቱ ላይ ጭንቅ አልነበረም፤ እንደዚያ ያለ ፊት እንዳለው አላውቅም ነበር። ከዚያ ዓይኑን ገለጠ።

«ለቀቅሽኝ?»

«ለቀቅኩህ።»

ያን ሲሰማ ሰመጠ። ሲነሣ እየሳቀ ነበር፤ ትከሻዬን ይዞ ቆሞ ሳቀ።

ማታ ራት ተበልቶ ዕቃ ሲያጥብ አጠገቡ ቆሜ አደርቃለሁ። ሳህን እያቀበለኝ፣ ሳያየኝ፣ «እንሄዳለን። እናትሽ ጋ» አለ። የሚቀጥለውን ሳህን ማጠብ ጀመረ። እኔም ሳህኑን ደጋግሜ ጠረግኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታዬ ግን አልተቀመጠልኝም። አስቦ ወስኖ ነው ወይስ ተሸንፎልኝ? ሰኞ በአውቶቡስ ስንመለስ በዚያች በማትበቃው ነጠላ ጫማ እግሩን አንፈራጥጦ መስኮት መስኮቱን ሲያይ ዋለ።

እዚህ ከመጣን በኋላ አማቱ ግቢ ተቀምጦ አልዋለም። ጠዋት ለእናቴ ውሃ ያሞቅላታል፤ «እማማ፣ ዛሬስ ወገብዎ እንዴት አደረ?» ይላታል፤ «አንተ ካልሄድክ ደህና ነኝ» ትለዋለች። ከዚያ ይወጣል። አንድ ቀን ኮዬ ፈጬ ለቅሶ ይደርሳል፣ አንድ ቀን ሳሪስ የታመመ ይጠይቃል። ብዙውን ጊዜ ግን ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ነው፤ ከክፍለ ሀገር ስንቅ ይዘው ከመጡ፣ ወረፋው ከጠፋባቸው እናቶች ጋር ይሰለፋል፣ ፌስታላቸውን ይሸከማል፣ የት እንደሚመዘገቡ ያሳያል። የሚከፍለው ቀርቶ የላከው ሰው እንኳ አልነበረም። መምህር የሚለውም አልነበረም። አንዳንድ ማታ «ይቆጭሃል?» ብዬ ልጠይቀው አፌ ላይ ይመጣና እተወዋለሁ። ጊዜ ያለ መስሎኝ ነበር።

ለቅሶው ላይ ነርሷና ባሏ መጡ፤ እነሱም እኛ በመጣንበት ዓመት ተመልሰው ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ስለ አገልግሎቱ ያወራል። ስንት መንደር እንደደረሰ፣ እንዴት ያለ ሰባኪ እንደነበር። የሐዋሳው ልጅ አቀርቅሮ ሲሰማ ቆየና ተነሣ። የት ሄደ ብዬ ዓይኔን ብልክ ከድንኳኑ ጀርባ የእድር ሴቶች መካከል ኮቱን አውልቆ ብርጭቆ ያጥባል። ሴቶቹ «ኧረ ነውር ነው፣ ይተዉ» ይሉታል። እሱ «ሕግ ነው፣ ስለ ሥራ ተወርቷል» ይላል እንባው እየወረደ። ለቀስተኞቹን ትቼ ሄድኩና አጠገቡ ቆሜ ማድረቅ ጀመርኩ። ለቀረኝ ጥያቄ መልስ እሱ ጋ ሊኖር እንደሚችል ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«መመለስ ፈልጎ ነበር?» አልኩት።

«አልነገረኝም። ብጠይቀው ዕቃ ታጥባለህ ብሎኝ ያልፍ ነበር።» ብርጭቆውን አለቅልቆ ሰጠኝ። «ግን ያን ቅዳሜ ዓሣ ይዘን ስንመጣ መንገድ ላይ ተቀበለኝ፤ ተንሳፈፍኩ አለኝ። እጇ እንዳለ መስሎኝ ነበር አለኝ። ይህን ብቻ ነው የነገረኝ፤ ደጋግሞ።»

ይህ መልስ አይደለም። ሌላ መልስ ግን የሚሰጠኝ የለም፤ ሊሰጠኝ ይችል የነበረው እሱ ብቻ ነው። እናቴ አንዳንድ ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነቃ «ውሃውን አሞቀው?» ትለኛለች። ለእሷ ብለን መጥተን እሷ ቀረች፣ እሱ ሄደ። ይህን ለማንም አልልም፤ እሷም አንድ ቀን «እኔን ወስዶ እሱን በተወው» ስትል እጄን አፏ ላይ አድርጌ ዝም አሰኝቻታለሁ።

አሁን ጠዋት ውሃ አሙቄ እናቴን አጥባለሁ፤ ቁርሷን አበላታለሁ። ቧንቧው ሲያንኮራፋ ሮቶውን እሞላለሁ። ከዚያ ጫማዬን አድርጌ ወደ ማረሚያ ቤቱ በር እሄዳለሁ፤ ከሩቅ ከመጡት እናቶች ጋር እሰለፋለሁ፣ ፌስታላቸውን እይዛለሁ።