በነፃው ሶፍትዌር ውስጥ ያገኘሁት መስመር

በአምቦ አንድ ማሠልጠኛ ተቋም ውስጥ ለብዙ ዓመታት በጸሐፊነት ሠርቻለሁ። ሥራ የጀመርኩት መንግሥት ተለውጦ ብዙም ሳይቆይ ነው። ታይፕ የተማርኩት በአማርኛ መኪና ነበር፤ ወዲያው የቢሮው ደብዳቤ በቁቤ ይጻፍ ተባለና የላቲኑን መኪና እንደ አዲስ መልመድ ግድ ሆነብኝ። አፋን ኦሮሞ የአፍ መፍቻዬ ቢሆንም መጻፉ ሌላ ነገር ነው። አንዲት አናባቢ ቦታዋን ከሳተች «ቅጠል» የነበረው ቃል «መዓት» ሆኖ ቁጭ ይላል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ አንድ ጊዜ ፊርማ ላይ ደርሶ ተመልሶብኛል። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩትን ሁሉ ከመስመሩ ሥር ማስመሪያ እያስያዝኩ ፊደል በፊደል ማንበብ ልማዴ ሆነ። ባልደረቦቼ ይስቁብኝ ነበር።

ሚሊኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመት በኋላ ተቋሙ ድረ ገጽ እንዲኖረው ተወሰነ። ከባኮ፣ ከጌዶና ከጊንጪ የሚመጡ የርቀት ተማሪዎች ውጤታቸውን ለማየት ብቻ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ይውሉ ነበር። ሥራው የተሰጠው ለተቋሙ ፕሮግራመር ነው። ሠላሳ ያልሞላው፣ ሥራ ከያዘ ምሳውን የሚረሳ ሰው ነበር። እኔን «አዴ» ነው የሚለኝ፤ በእኛ አገር ወይዘሮ እንደማለት።

ሁሉንም ነገር ከባዶ አልጻፈም። ማንም በነፃ ወስዶ የሚጠቀምባቸው፣ ውስጣቸውም ለማንም ክፍት የሆኑ ሶፍትዌሮች እንዳሉ አስረዳኝ። ተማሪው ስሙንና የይለፍ ቃሉን የሚያስገባበትን ክፍል የሚሠራለት አንድ ጥቅል ከኢንተርኔት አወረደ። የደራሲው ድረ ገጽ በእኛ መስመር አልከፈት ስላለው ያንኑ ጥቅል ያገኘው ከሌላ ቦታ ነው። የእኔ ድርሻ በጥቅሉ ውስጥ ያሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ወደ አማርኛና ወደ አፋን ኦሮሞ መመለስ ሆነ። ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየከፈትኩ በጥቅስ ውስጥ ያለውን ብቻ እንድለውጥ፣ ሌላውን እንዳልነካ አደራ አለኝ።

አልነካሁም። ማንበቡን ግን አልተውኩም። ኮድ ባላውቅም አንድ ገጽ ምን መምሰል እንዳለበት አውቃለሁ። አንድ ቀን ጠዋት የከፈትኩት ፋይል መስመሮቹ ሁሉ አጫጭር ነበሩ፤ ከስክሪኑ ግማሽ አያልፉም። ከታች ያለው ማንሸራተቻ ግን ገጹ ወደ ቀኝ ገና ብዙ እንደሚቀረው ያሳያል። ይህ የሚሆነው አንድ ሰው የሆነ ቦታ ላይ ባዶ ክፍተት ሲደረድር ነው። ወደ መስመር መጨረሻ የሚወስደውን ቁልፍ በየመስመሩ እየተጫንኩ ወረድኩ። አንዱ ላይ ጠቋሚዋ ከዓይኔ ጠፋች። ሄዳ ሄዳ ያረፈችበት ቦታ ትርጉም የማይሰጥ የፊደልና የቁጥር ዝብርቅርቅ ነበር።

ፕሮግራመሩን ጠራሁት። ቆሞ አየውና ምናልባት ፋይሉ እንዲያንስ ተብሎ የታመቀ ነገር ይሆናል አለ። ሶፍትዌሩ ክፍት ስለሆነ በሺህ የሚቆጠር ሰው እንደሚያየው፣ ክፉ ነገር ቢኖርበት እስካሁን ይታወቅ እንደነበርም ነገረኝ።

«አንተስ አይተኸዋል?» አልኩት።

ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አላየሁትም፣ አዴ።»

ዝብርቅርቁን ወደሚነበብ ኮድ ለመመለስ እስከ ምሳ ሰዓት ፈጀበት። ሲጨርስ ፊቱ ተለዋወጠ። ያ መስመር ተማሪም ሆነ የሬጅስትራር ሠራተኛ የይለፍ ቃሉን ባስገባ ቁጥር ቅጂውን ወደማናውቀው አድራሻ ይልካል። ገጹ ሥራውን በደንብ ስለሚሠራ የሚጠረጥር አይኖርም። የሬጅስትራሩን የይለፍ ቃል ያገኘ ሰው ደግሞ የማንንም ውጤት መለወጥ ይችላል።

ድረ ገጹ የሚመረቀው ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። ከዞን እንግዶች ተጠርተዋል። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ፤ ያቺን መስመር አጥፍተን ነገሩን በዝምታ ብናልፈው የሚል ሐሳብም መጣብኝ። ፕሮግራመሩ ግን የቀሩትን ፋይሎች ሳናነብ ድረ ገጹን መክፈት አይሆንም ብሎ ወደ ዲኑ ቢሮ ይዞኝ ሄደ።

ዲኑ ቁጡ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ የጠየቁት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ነው። ነገሩን ላለሳልስ አፌን ስከፍት ፕሮግራመሩ ቀደመኝ።

«ሳላነብ የጫንኩት እኔ ነኝ። ያገኙት እሳቸው ናቸው።»

ዲኑ ወደ እኔ ዞረው ኮድ የት እንደተማርኩ ጠየቁኝ። አልተማርኩም፣ ዝም ብዬ አነበብኩት አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና ስልኩን አንስተው ምረቃው መራዘሙን ለዞን ተናገሩ። ስንወጣ «ገለቶሚ» አሉኝ፤ አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ደብዳቤ ሳቀርብላቸው ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም።

የቀሩትን ፋይሎች አትመን ለሁለት አነበብናቸው። እኔ በማስመሪያዬ እየተከተልኩ ስጠይቅ እሱ ያስረዳኛል፤ ኮድ ማንበብ የተማርኩት ያኔ ነው። ሌላ የተደበቀ ነገር አላገኘንም። በፋይሎቹ አናት ላይ የደራሲው ኢሜይል ስለነበር ያገኘነውን ጽፈን ላክንለት። ከቀናት በኋላ መልስ መጣ። እሱ የጻፈው ንጹሕ ነው፤ አንድ ሰው ቅጂውን ወስዶ ያንን መስመር ከትቶበት በሌላ ቦታ ሲያከፋፍል ኖሯል። ደራሲው ከዚያ ቦታ ያወረደ ሁሉ ጥቅሉን እንዲያጠፋ በድረ ገጹ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ስሜን እንዳይጠቅስ ለምኜው ስለነበር ከሥሩ «አምቦ፣ ኢትዮጵያ ለሚገኙ አንዲት አንባቢ ምስጋና ይድረስ» የሚል ጻፈ።

ያንን ገጽ አትሜ ቅዳሜ ጌዶ ወላጆቼ ቤት ይዤው ሄድኩ። አባቴ ጡረታ የወጣ የክሊኒክ ድሬሰር ነው፤ ዓይኑ ስለደከመ እኔው ወደ ኦሮምኛ እየመለስኩ አነበብኩለት። ስንት ሰው ይህን ነገር ወስዶት እንደነበር ጠየቀኝ። ብዙ ሺህ ይሆናል አልኩት።

«እና ከዚያ ሁሉ ሰው አንቺ ነሽ ያየሽው?»

ሌላም ሰው አይቶ ዝም ብሎ ይሆናል አልኩት። አባቴ ግን አልሰማኝም፤ ወረቀቱን አጥፎ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ከተተው። በማግሥቱ ከአምልኮ በኋላ ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሁሉ ሲያሳይ አቀርቅሬ ቆምኩ። አፍሬ ነበር፤ ግን እንዲያቆም አልነገርኩትም።

ድረ ገጹ ከወር በኋላ ተመረቀ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ነፃ ጥቅል ሁለት ሰው ሳያነበው እንዳይጫን ዲኑ አዘዙ፤ አንዷ አንባቢ እኔ ሆንኩ። በቀጣዮቹ ዓመታት ብዙ ፋይል አነበብኩ፤ ዳግመኛ ክፉ መስመር አልገጠመኝም። አብዛኛው በየአገሩ ያሉ የማላውቃቸው ሰዎች ተጠንቅቀው የጻፉት ነው። አንዳንዶቹን በአጻጻፋቸው እስከ መለየት ደረስኩ። አንደኛው በማስታወሻዎቹ ውስጥ ሁልጊዜ የሚደግመው የሆሄ ስህተት ነበረው። ጻፍኩለት፤ አረመው።