የሲኞሩ ጠመንጃና የኔ ሾርባ

እዚህ ጣሊያን አገር፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር የማስታምማቸው ሽማግሌ ሲኞር ኢላማ ተኳሽ ናቸው። የባሩዱን መጠን በጥቂቱ እየለዋወጡ ጥይታቸውን በእጃቸው ይሞላሉ፤ እያንዳንዱንም ልክ አምስት አምስት ጊዜ ተኩሰው ይፈትናሉ። «ጠመንጃ የሚስማማውን ካላጎረሱት ይስታል» ይላሉ። ራሳቸው ግን ምግብ እምቢ ብለው ከስተዋል። ልጃቸውም «ዛሬም ካልበላ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» አለችኝ።

ጸለይኩና ሾርባውን በሦስት ሳህን ቀዳሁ፤ በየሳህኑ በርበሬውን ጨመር እያደረግኩ ቁጥር ለጥፌ አቀረብኩላቸው።

«አሎራ፣ እሺ፣ ይኼ ደግሞ ምንድነው?»

«ሲኞር፣ እርስዎም እንደ ጠመንጃዎ መራጭ ነዎት።»

ሳቁ። አንደኛውን ቀምሰው ገፉት፤ ሁለተኛውንም ገፉት። በልቤ አባታችን ሆይ እያልኩ ቆሜያለሁ። ሦስተኛውን ጥርግ አድርገው በሉት!

«እግዚአብሔር ይመስገን! ልክዎን አገኘሁት» አልኩ።

ሲኞር አፋቸውን ጠርገው ሳህኑን መለሱልኝ።

«አንዴማ በዕድልም ይመታል። እስቲ ይኼንኑ አምስት ጊዜ ድገመው!»