ምን በልተው መጡ?

ያኔ በአብዮቱ ጊዜ ባሕር ዳር ላይ «የግል አሰልጣኝ ነኝ» ብል ሰው ይስቅብኝ ነበር፤ «የግል» የሚለው ቃል ራሱ በዚያ ዘመን ያስፈራል። ስለዚህ «ሰውነት አሠራለሁ» እያልሁ ነበር የምዞረው። የስፖርት ኮርስ ጨርሻለሁ። በውሃ ቧንቧ ጫፍና ጫፍ ሲሚንቶ የሞላሁባቸው የወተት ጣሳዎች ተክዬ ክብደት ሠርቻለሁ። የጠፋው የሚያነሣው ሰው ነው። ቀበሌው ደግሞ ሥራ ፈት ወጣት መመዝገብ ጀምሯል፤ የተመዘገበ ወዴት እንደሚላክ ሁላችንም እናውቃለን፣ ጦር ሜዳ። አንድ የታወቀ ሰው «ይህ ልጅ ያሠራኛል» ብሎ ካልመሰከረልኝ አለቀልኝ።

የመጀመሪያው ሰው የመጣልኝ ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። የፋብሪካ ክፍል ኃላፊ፣ የውይይት ክበብ መሪ፣ ቦርጫቸው ከቀበቶ ያለፈ ትልቅ ሰው። ሐኪም ተንቀሳቀስ እንዳላቸው ነገሩኝና የሚመቻቸው ምሳ ሰዓት ብቻ መሆኑን አስረዱኝ። በዚያ ፀሐይ ምን አስመረጣቸው? ገረመኝ። ግን ጠዋት ይሁን ብላቸው ሐሳባቸውን ይቀይራሉ ብዬ ተስማማሁ።

ኮርሱ ላይ መጀመሪያ ያስተማሩን ጥያቄ «ምን በልተው መጡ?» የሚል ነበር። እንዴት ብዬ ልጠይቃቸው! ሃይማኖት በሚያስገመግምበት ጊዜ፣ በሁዳዴ፣ የፓርቲ ሰውን፣ ምን በሉ ማለት ይጾማሉ ወይ ማለት ነው። ወጥመድ ይመስላቸዋል። ወይ ጥያቄውን ወደኔ ያዞሩትና መጾሜ ይታወቅብኛል። ጥያቄውን ዘለልሁት።

ሦስት ቀን ሐይቁን ተከትለን በእግር ሄድን። በአራተኛው ቀን ሙያዬን ላሳይ ቸኮልሁና ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ እስከ ታንኳ ሠሪዎቹ አስሮጥኋቸው። ሁለተኛው ዙር ላይ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ሣሩ ላይ ዘጭ አሉ።

ወይኔ፣ ሰውየውን ገደልኋቸው! በቆቤ ከጣና ውሃ ቀድቼ ራሳቸው ላይ አፈሰስሁ። አንድ ሙስሊም ሽማግሌ የሚሠሩትን ታንኳ ትተው ስኳር የበዛበት ሻይ ይዘው ደረሱ። ብርጭቆውን ከንፈራቸው ላይ ሳስጠጋው ሰውየው ዓይናቸውን ገለጡ፤ አፋቸውን ግን ግጥም አደረጉ። ግራ ቀኝ አዩ።

«ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም» አሉኝ በሹክሹክታ።

ጾሙን የሚፈቱት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ለካ፣ እንደኔው። ሽማግሌው ገብቷቸው ሻያቸውን መልሰው ወሰዱ። እኔም ገባኝ፤ በምሳ ሰዓት ከፋብሪካው ምግብ ቤት ለመጥፋት ሰበብ ነበርሁ። ለሙያዬ የመጡ መስሎኝ! ከፋኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ በጣም ከፋኝ። ቢሆንም «እኔም ጿሚ ነኝ» አልኋቸው።

ከዚያ ወዲያ አንድ ዙር አልሮጥንም። ቱታችንን ለብሰን ዋርካው ሥር እንቀመጣለን፤ ሰው ሲያልፍ ተነሥተን እጃችንን እናወናጭፋለን። የቀበሌው መዝገብ የሚጣራው ከፋሲካ በኋላ ነበር። ያን ጊዜ ጾም ስለሌለ ሰውየው ሰበብ አያስፈልጋቸውም፤ እኔም አላስፈልጋቸውም። ደግሞ ምስጢሬን ይዘዋል። እግዜር ይቅር ይበለኝና ሁዳዴው ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ።

ከፋሲካ በኋላ ሰው ሥራ በገባ ቀን ጣሳዎቼን ይዤ ዋርካው ሥር ቆምሁ። የምሳው ደወል ተደወለ፣ ማንም የለም። ልሄድ ቧንቧውን ትከሻዬ ላይ ሳነሣ ከወዲያ ማዶ ሰውየው ቱታቸውን ለብሰው ሲመጡ አየሁ፤ ሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸው ከኋላ ይከተሏቸዋል። ለቀበሌው ሊቀመንበር እንደመሰከሩልኝና እነዚህም መሥራት እንደሚፈልጉ ገለጡልኝ። ዛሬ ግን የእውነት እንድንሮጥ ጠየቁ።

ሁለቱ ሰዎች እየሰሙ ያችን ጥያቄ አወጣኋት።

«ምን በልተው መጡ?»

ጠጋ አሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ «ጓድ» እንጂ ሌላ ብለውኝ አያውቁም።

«ቁርሴን ብቻ» አሉ ቀስ ብለው። «ያን ጊዜ ብትጠይቀኝ ግን እዋሽህ ነበር፣ ልጄ።»