የጋሽ ሜትር የውስጥ ኪስ

ጋሽ ሜትር የተባለው ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ ስለማያውቅ ነው። በእውነተኛ ስሙ የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም ስትናደድ። የተንሻፈፈ ስፌት ካየ አያስችለውም። ባለቤቱ ይጠይቀው አይጠይቀው ተርትሮ እንደገና ይሰፋዋል። "ይሄን ለብሰህ ከምትሄድ ራቁትህን ብትሄድ ይሻልሃል" ይላል። ደንበኛው ይስቃል፤ ተመልሶም ይመጣል።

ሱቁ የቤታቸው የፊት ክፍል ናት። መጋረጃው ገለጥ ሲል አልጋውና ምድጃው ይታያሉ። እሱ መስኮቱ ሥር በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪናው ላይ ይቀመጣል፤ ሚስቱ አጠገቡ ዝቅ ያለች ወንበር ላይ ሆና ቁልፍ ትተክላለች። እንዲህ ጎን ለጎን ተቀምጠው ልጆች አሳድገው ድረዋል። ተኮራርፈው ሳይነጋገሩ የዋሉበትም ቀን አለ፤ ያን ቀንም ቢሆን ክር ሳትጠይቀው አቀብሏታል።

"ስኳር አለብዎት" ያለው ሐኪም ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። "ኪኒኑን ይውሰዱ፣ ጣፋጭ ይተዉ፣ ስፖርት ይሥሩ። ቀጣይ!" በቃ። ዕድሜ ልክ አብሮ ለሚኖር በሽታ የተሰጠው ምክር አንድ ሱሪ ከመለካት ያነሰ ጊዜ ፈጀ። ከዚያ "ለምን ቅጠል ሻጭ ጋ ሄደ?" ብለን እንወቅሰዋለን! ቅጠል ሻጩ ቢያንስ "ቁጭ በል" ብሎታል።

የጋሽ ሜትር ታላቅ ወንድም በዚሁ በሽታ አንድ እግሩን አጥቷል። ጋሽ ሜትር ነገሩን ለማንም አያነሳም፤ ግን ካልሲውን ባወለቀ ቁጥር ጣቶቹን እያንቀሳቀሰ ያያቸዋል። "እግሬ ከሄደ መኪናዋን በምን ልረግጣት ነው?" አላት አንድ ቀን ለሚስቱ፣ እንደ ቀልድ። እሷ አልሳቀችም።

የፈራ ሰው ገበያ ነው። በሰፈሩ ዶክተር ቅጠሉ የሚባል ሰውዬ አለ፤ ዶክተርነቱን የሰጠው የገዛ አፉ ነው። አንድ ከረጢት የደቀቀ ቅጠል ሸጠለትና "ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም" አለው። እባብስ ተፈጥሯዊ አይደለም እንዴ? ኮት ሊያሰፋ የመጣ ደንበኛ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ "አዲስ ጥናት" አሳየው፦ ቁርስ መዝለል ስኳርን ያወርዳል። ጥናቱ በእነማን ላይ እንደተሠራ፣ ኪኒን የሚወስድ ሰው ይሞክረው አይሞክረው፣ ቪዲዮው አይናገርም። ሙዚቃ ግን ነበረው።

ሚስቱም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። በቤቱ ያለውን ስኳር፣ ማር፣ ከረሜላ ሁሉ ጠራርጋ አወጣች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ የተፈጨ አብሽ ከሻዩ ጋር ትደባልቅለታለች፤ የአብሽ ሽታ እንደሚያስጠላው ስለምታውቅ በድብቅ። በድብቅ! ሽታው እንኳን ለእሱ ለጎረቤትም ይደርሳል። ግን ጠጥቶ ሲጨርስ ፊቷ ላይ የሚታየውን እፎይታ ስላየ፣ ትንፋሹን ይዞ ይጨልጠዋል። "ዛሬስ ሻዩ ጣፍጦኛል" ይላል ጭምር።

መራመዱን ግን እንቢ ብሎ ነበር።

"ውጣና እግርህን አፍታታ እንጂ!"

"እግሬ እኮ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ነው የሚውለው።"

"የት ደረሰ ታዲያ?"

"መንገድ ላይ ነው።"

በኋላ የወንድሙ ነገር አሸነፈውና በየጠዋቱ እስከ ድልድዩ ድረስ እየሄደ መመለስ ጀመረ። ቅጠሉን ሚስቱ እንዳታይበት የሚጠጣው እዚያው ድልድዩ ጋ ነው፤ ውሃ በያዘ ኮዳ በጥብጦ፣ ፊቱን አጨማዶ።

አንድ ቀን ጠዋት ኪኒኑን ዋጠ። አብሽ ያለበትን ሻይ ጠጣ። ቅጠሉን ጠጣ። ሲመለስ ሚስቱ ቁርስ ብትሰጠው "ድልድዩ ጋ በልቻለሁ" ብሎ ዋሻት። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ባይገድለው ይሆናል። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አንድን ሰው ከአራት አቅጣጫ ወደ ጉድጓድ እንደመግፋት ነው፤ የሚገፉት ደግሞ የሚወዱት ናቸው፤ እሱም ራሱን ጨምሮ።

ከረፋዱ ላይ ባለኮቱ ደንበኛ ሊለካ መጣ። ጋሽ ሜትር እጁ እየተንቀጠቀጠ ኮቱን ዘረጋለት። የግራው እጅጌ በቀኙ፣ የቀኙ በግራው ተሰፍቷል። ደንበኛው ቀልድ መሰለው።

"ጋሽ ሜትር፣ ወደ ኋላ ልሂድበት ነው?"

"ካልፈለግህ ውጣ! ውጣልኝ!" ጮኸበት፤ ደንበኛ ላይ ጮኾ የማያውቅ ሰው። ሸሚዙ በላብ ርሶ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ሚስቱን "አንቺ ማነሽ?" በሚል ዓይን አያት።

ክንዱን ይዛ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ስኳሩ ሰማይ የነካ መሰላት፤ ሌላ ምን ይምሰላት? ከፍ እንዳይል እንጂ ዝቅ እንዳይል ጠብቂ ያላት የለም። የኪኒኑን ዕቃ ከፈተች። አንዷን መዛ ወደ አፉ አስጠጋች።

"እትዬ! ተይ! እንዳትሰጪው!"

ጩኸቱን ሰምታ ከማዶ የመጣችው ሻይ ሻጯ ናት። እናቷ ይኸው በሽታ ነበረባት።

"ወርዶበት ነው እኮ! እዪው ላቡን! ስኳር አምጪ፣ ቶሎ!"

"ስኳር?" አለች ሚስቱ። "ስኳር የለንም። እኔ ነኝ... ሁሉንም አወጣሁት።"

ሻይ ሻጯ መልስ አልጠበቀችም፤ መንገዱን ተሻግራ ሄደች፣ ስኳር የተበጠበጠበት ብርጭቆ ይዛ ተመለሰች። ብርጭቆው ውስጥ ስኳሩ በደንብ እንኳ አልሟሟም። አሁንም መዋጥ ይችል ነበር፤ ሚስቱ አገጩን ደግፋ፣ ጥቂት በጥቂት፣ እንደ ሕፃን አጠጣችው። "በል ዋጥ፣ የኔ ጌታ። በል አንድ ጊዜ። በል ደግሞ።" ደንበኛው ያን የተገለበጠ ኮት ታቅፎ በሩ ላይ ቆሟል።

ትንሽ ቆይቶ የጋሽ ሜትር ዓይን ከሄደበት ተመለሰ። መጀመሪያ ያየው ኮቱን ነው።

"ይሄን ማን ደደብ ነው የሰፋው?"

ሚስቱ ያን ጊዜ አለቀሰች።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ቀጠሮ ሲይዙ አንዲት ነርስ "በቤት ያለውን የሚወሰድ ነገር ሁሉ ይዛችሁ ኑ" ብላ ስለነበር ጋሽ ሜትር አንገቱን ደፍቶ የቅጠሉን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሚስቱም አንገቷን ደፍታ አብሹን አኖረች።

"አንተም?"

"ያንቺን እንኳ አውቅ ነበር።"

"ታውቅ ነበር? እያወቅህ ትጠጣዋለህ?"

"ምን ላድርግ፤ ደስ ይልሽ ነበራ።"

ነርሷ ልትቆጣ አስባ ነበር፤ አልሆነላትም። ከሌሎቹ የለያት ወንበር ስባ መቀመጧ ብቻ ነው፤ ሁሉም ቢያደርገው ኖሮ ይሄ ጽሑፍ ባላስፈለገ። አብሽ ስኳርን በመጠኑ ዝቅ ሊያደርግ እንደሚችል የሚጠቁሙ ትንንሽ ጥናቶች አሉ አለቻቸው፤ ከኪኒን ጋር ሲደረብ የሚያስፈራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ኪኒንን አይተካም፤ ሳይነግሯት መጀመርም የለም። ቅጠሉን ግን አሽትታ ወደ ጎን ገፋችው፦ "ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ የሸጠልዎትም የሚያውቅ አይመስለኝም።" ቁርስ አይዘለልም። እግር ጉዞው ከምግብ በኋላ ይሁን። በተቀመጡበት እግርን ማንቀሳቀስም ለስኳር ይጠቅም እንደሆነ እየተጠና ነው።

"አላልኩሽም!" አለ ጋሽ ሜትር ወደ ሚስቱ ዞሮ።

"እየተጠና ነው አልኩ እንጂ ተረጋገጠ አላልኩም" አለች ነርሷ። "መራመዱን አይተካልዎትም። አሁን ካልሲዎን ያውልቁና ዓይንዎን ይጨፍኑ።"

እግሩ መደንዘዝ አለመደንዘዙን ለማወቅ በቀጭን የፕላስቲክ ክር ጫፍ የውስጥ እግሩን እየነካች ጠየቀችው።  ሚስቱ ትንፋሿን ያዘች።

"ተሰማዎት?"

"ተሰማኝ።"

"እዚህስ?"

"እሱም። ክሩ ግን ወፍራም ነው፤ ለቁልፍ እንኳ አይሆንም።"

ሁሉም ቦታ ተሰማው። በየቀኑ ማታ እግሩ፣ ጣቶቹ መሃል ሳይቀር፣ እንዲታይ ነርሷ አዘዘች። ጫማውን ያሰረችለት ሚስቱ ናት፤ ራሱ ማሰር ይችል ነበር፤ እግሩን ዘረጋላት።

በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት የገዛ ኮቱን ሲለብስ ገበሩ ውስጥ አንድ ነገር ኮረኮረው። ቢገልጠው ኪስ ነው፤ ሁለት ከረሜላ የያዘች ትንሽ የውስጥ ኪስ። ሚስቱ በቁልፍ እንጂ በኪስ እጇ አልተፈታም። አንዱ ጎን ወደ ላይ ሸሽቷል፣ ስፌቱ አንዴ ይቀጥናል አንዴ ይወፍራል፣ ክሩም ሌላ ቀለም ነው።

ምላጩን አነሳ። እሷ አንገቷን ሳታቀና ቁልፏን ትተክላለች፤ ጆሮዋ ግን እሱ ጋ ነው። ጋሽ ሜትር ስፌቱን በአውራ ጣቱ ዳበስ ዳበስ አደረገው። ምላጩን መልሶ መሳቢያው ውስጥ ከተተ።

"ትንሽ ጠበበች እንዴ?" አለች።

"ልኳ ነው።"

አሁን ከምሳ በኋላ ሱቁን ዘግተው አብረው ይራመዳሉ፤ ድልድዩ ጋ ደርሰው ይመለሳሉ። ባለፈው ባለኮቱ ደንበኛ ኮቱን ሊወስድ መጥቶ፣ ሚስማር ላይ የተሰቀለውን የጋሽ ሜትርን ኮት ገበር አየ።

"ኧረ ጋሽ ሜትር፣ ይሄን የተንሻፈፈ ኪስ እርስዎ እንዴት ዝም አሉት? ይተርትሩት እንጂ!"

"እጅህን ሰብስብ!" አለው ጋሽ ሜትር።