እትብት ያላት ብይ

ባለፈው ሳምንት የወጥ ቤቴ መስኮት ተሰብሮ ባለሙያ ጠራሁ። ሰውየው ስቱኮውን በመዳፉ ማሸት ሲጀምር ሽታው ቤቱን ሞላው፤ የዘይትና የኖራ ሽታ። ሥራዬን ትቼ ቆሜ አሸተትኩ። ካዛንችስ፣ ከቤታችን ሦስት በር ዝቅ ብሎ የነበረው የጋሽ ከድር መስታወት ቤት እንዲህ ነበር የሚሸተው።

ጋሽ ከድር መስታወት ቆራጭ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንድ እግሩ በክር የታሰረ መነጽር የሚያደርጉ ሰው። መስታወቱን በአልማዝ ጭረው፣ ከሥር ኳ አድርገው ሲሰብሩት ትንፋሼን እይዝ ነበር። እኔ በሰፈሩ ብይ የምጫወት ብቸኛ ሴት ልጅ ነበርኩ፤ ጎበዝም ነበርኩ፣ ለምን እዋሻለሁ። ከወንዶቹ ጋር ተጫውቼ የበላኋቸውን ብዮች ይዤላቸው እሄዳለሁ። አንድ በአንድ ያዩና፣ "ፋብሪካ፣ ፋብሪካ፣ ይሄም ፋብሪካ" ብለው ይመልሱልኛል።

ፋብሪካ ያልሠራቸው አራት ብዮች የእሳቸው ነበሩ፤ በካራሜላ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ጥጥ ላይ የተኙ። አባታቸው ለገሃር ሻንጣ ተሸካሚ ሳሉ፣ ወደ አገራቸው የሚመለሱ ፈረንጆች ለልጅህ ብለው የሰጧቸው ናቸው። "ዓይንሽን ጨፍኚ" ይሉኝና አንዷን መዳፌ ላይ ያኖራሉ። "ጥፍርሽን ዙሪያዋን አስኪጂው።" ጥፍሬ ለስላሳው ላይ ሲንሸራተት ቆይቶ አንድ ቦታ ሸካራ ነገር ይይዘዋል። "እትብቷ ናት" ይላሉ። "ሠሪው ከትኩሱ የመስታወት ዘንግ ላይ በመቀስ ሲቆርጣት የቀረ። ማሽን እትብት አይተውም።" ከዚያ ወደ ብርሃን ያወጧታል፤ ውስጧ ሰማያዊና ነጭ ክር ተጠማዝዟል፣ አንዱ ወፍሮ አንዱ ቀጥኖ፣ መሃሉ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል የአየር አረፋ። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ሲለቋት ቀጥ ብላ አትሄድም፤ ወደ ጎን ታዘነብላለች። ይሄን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። እኔን ግን ቁስለኛ ትመስለኝና ታሳዝነኝ ነበር።

አንድ ዓርብ ሰማያዊዋን ለአባቴ እንዳሳየው አዋሱኝ። ከሱቃቸው ወጥታ አታውቅም። እኔ ደግሞ ላስደስታቸው ብዬ፣ ቅዳሜን ሙሉ ደጃፋችን ላይ ቁጭ ብዬ፣ የወንድሜን ብርጭቆ ወረቀት ውሃ ውስጥ እየነከርኩ ያቺን ሸካራ ቦታ ፈገፈግኳት። ጣቶቼ እስኪላጡ። ስጨርስ ጥፍር የሚይዝ ነገር አልነበራትም፤ ቦታው ብቻ ጉም እንደለበሰ ደብዝዟል።

ሰኞ ጠዋት ይዤላቸው ሄድኩ። ጥፍራቸውን አዞሩባት። እንደገና አዞሩባት። መነጽራቸውን አወለቁ።

"እትብቷስ?"

"አስተካከልኩልዎት ጋሽ ከድር። ቁስሏን አጠፋሁላት።"

በርጩማቸው ላይ ተቀመጡና ጥፍራቸውን ለሦስተኛ ጊዜ አዞሩባት። ያኔ ገባኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ጮኼ አለቀስኩ። "በይ በቃ፣ ሰው የመታሁሽ ይመስለዋል እኮ" አሉና ብይዋን ወደ ቆርቆሮዋ መለሷት። ዳግመኛ አላነሱትም። እኔ ግን ለብዙ ሳምንት በዚያ በር አላለፍኩም።

ሰፈሩ ለሕንፃ ሊፈርስ ነው ሲባል ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነበር። ጋሽ ከድር ዕቃቸውን ሲያሰናዱ አስጠሩኝና ቆርቆሮዋን እጄ ላይ አኖሩ። ስከፍታት ብዮቹ ሦስት ናቸው፤ የሦስቱም እትብት አለ።

"ሰማያዊዋስ? ጣሏት እንዴ?" አልኳቸው።

የኮታቸውን ኪስ መታ መታ አደረጉ። "ወላሂ እሷንማ አልሰጥሽም። የእነዚህን ሠሪ አላውቀውም፤ ሳላውቀውም እሞታለሁ። እሷ ላይ ግን የማን እጅ እንዳረፈ አውቃለሁ።"

ሦስቱ ዛሬም እኔ ጋ አሉ። እሷን ግን፣ ልጆቻቸው እንደነገሩኝ፣ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ከኪሳቸው አላወጧትም።