ሁለት ዘፈን ብቻ ያለው ሸክላ

አይቮሪ ፓርክ ባለችው የአጎቴ ስፓዛ ውስጥ የሠራሁት አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ስፓዛ የምንላት የሎኬሽን፣ ማለትም የከተማ ዳር የድሆች ሰፈር፣ ሱቅ ናት፤ ሻጩ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ተቆልፎ ዳቦና የስልክ ካርድ በቀዳዳ ያቀብላል። በአምስተኛው ቀን አንዲት ሴትዮ «ዳቦው የዛሬ ነው?» አለችኝ። «የትናንት ነው፤ የዛሬው ከሰዓት በኋላ ይመጣል» አልኳት። እሷ ብቻ ብትሄድ ጥሩ ነበር፤ ከኋላዋ የተሰለፈው ሁሉ ተከትሏት ሄደ። አጎቴ ሲሰማ በስልክ ጮኸብኝ።

«አንቺ! ሱቅ የከፈትኩት ምስክርነት እንድትሰጪበት ነው?»

መልሶ ከተማ ውስጥ ጀፕስታውን ሰፈር ወዳለው የጅምላ ሱቁ አመጣኝ። ከዚያ ወዲህ አይቮሪ ፓርክ የሰፈር ስም መሆኑ ቀረና ማስፈራሪያ ሆነ። ሳረፍድ አይቮሪ ፓርክ፤ ለደንበኛ እውነቱን ስናገር አይቮሪ ፓርክ፤ ስልኬን ስነካካ አይቮሪ ፓርክ። እኔ ደግሞ ማትሪክ ጨርሼ ገና ምን እንደምሆን ያላወቅኩ፣ ግን በፍርግርግ ውስጥ እንደማልሆን በደንብ የማውቅ ሰው ነበርኩ።

አጎቴን ጋሼ ነው የምለው፤ አንተ እያልኩም አወራዋለሁ። እርስዎ የምለው ሲያናድደኝ ብቻ ነው። እሱም ይህን ስለሚያውቅ፣ «እርስዎ» ከአፌ ሲወጣ ወንበሩን ወደ ኋላ ይገፋል።

በዚያ ሰሞን ትሮይቪል የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቤቱን ለቆ ልጁ ጋ ኬፕ ታውን ሊኖር ነው ተባለና፣ ጋሼ መደርደሪያ ሊገዛ ሄደ። ሽማግሌው «ወይ ሁሉን ውሰድ፣ ወይ ምንም አትውሰድ» አለው። ስለዚህ ከሦስት መደርደሪያ ጋር ዘጠኝ ካርቶን ሸክላና አንድ የሸክላ ማጫወቻ አብረው መጡ። ጋሼ ካርቶኖቹን ወደ ቆሻሻ ሊያስጭን ሲል «እኔ እሸጣቸዋለሁ» አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ሰልችቶኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ካልሲ ስትቆጥር የምትውል ሴት ምንም ነገር ልትል ትችላለች።

«እስከ መቼ?» አለኝ።

«አንተ እስከምትለኝ።»

«የብርድ ልብሱ መኪና እስኪመጣ። ያን ቀን ያቺን ጥግ ባዶ ካላገኘኋት፣ ሻንጣሽን ታዘጋጂያለሽ።»

«ወዴት?»

«ታውቂዋለሽ።»

ዋጋውን ያወጣው እሱ ነው። ጋሼ ዕቃን የሚያውቀው በቁጥር ነው፤ ስድስት ካልሲ ያለው እሽግ ሦስት ካለው ይበልጣል፣ አለቀ። እያንዳንዱን ሸክላ ገልብጦ በጣቱ ዘፈኖቹን ቆጠረ። አሥራ ሁለት ዘፈን ያለው ቀይ ስቲከር፣ ውድ። ስምንት ያለው ቢጫ፣ መካከለኛ። ከዚያ አንዱን አነሳና ቆመ። ገለበጠው። ሽፋኑን ከፍቶ ውስጡን አየ። ምናልባት የወደቀ ነገር ካለ ብሎ መሬቱንም አየ።

«የቀሩት ዘፈኖች የት ሄዱ?»

«ይሄው ነው ጋሼ። በአንድ ጎን አንድ ዘፈን ነው፤ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል።»

«አንድ ዘፈን ሃያ ደቂቃ? ሰሚው ምን አጥፍቶ ነው?»

ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም። ሁለት ዘፈን በአሥራ ሁለት ዘፈን ዋጋ ብሸጥ እግዜር ይጠይቀኛል ብሎ አረንጓዴ ይለጠፍበት አለ፤ የሁሉም መጨረሻ፣ የሁለት ኮካ ዋጋ። ልዋሽ አልችልም፤ እኔም ትክክል መሰለኝ። ስቲከሩን የለጠፍኩት በገዛ እጄ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ቀዩን ማንም አልነካውም። አረንጓዴው ግን ያልቅ ጀመር፤ ገዢው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሽበታም ፀጉሩን ከኋላ በላስቲክ ያሰረ፣ ካልሲ ላይ ሰንደል የሚያደርግ ነጭ ሽማግሌ። ባለጭራው አልነው። ሰላም ሳይል ወደ ጥጉ ይሄዳል፣ አረንጓዴዎቹን ብቻ ይመርጣል፣ የተጻፈውን ከፍሎ ይወጣል። ዋጋ ቀንሱልኝ አይልም። ጋሼ ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳው።

«ሳይከራከር የሚገዛ ሰው ወይ ሞኝ ነው ወይ ሌባ ነው» አለኝ። «ይሄ ደግሞ ሞኝ አይመስልም።»

በሦስተኛ ጊዜው ጠበቅኩት። አንድ ሸክላ ከካርቶኑ ስቦ የሚያየው እንዳለ ዞር ዞር ብሎ ቃኘ። ሮጬ ሄጄ ካርቶኑ ላይ ተቀመጥኩበት። የተነጋገርነው በእንግሊዝኛ ነው፤ በሆዴ ግን እርስዎ እያልኩት ነበር።

«አያፍሩም?» አልኩት። «ምን እየወሰዱብን ነው?»

ፊቱ እንደ ቀዩ ስቲከር ሆነ። ሸክላውን ደረቱ ላይ አቀፈና እውነቱን ነገረኝ፤ ባለፈው ሳምንት የወሰደውን አንዱን ሃያ ዓመት ሲፈልገው እንደኖረ፣ የእኛን ስቲከር ሲያይም ቀልድ መስሎት እንደነበር።

«እና ዝም አሉ?»

«ዝም አልኩ» አለ። «አንቺ ብትሆኚ ትናገሪ ነበር?»

«እኔማ እናገር ነበር። ሥራዬን ያጣሁት በዚሁ ነው።»

ይሄ አሳቀው። የሳቀ ሰው ደግሞ አያመልጠኝም። የካልሲ ቦንዳ ላይ አስቀምጬው «እንግዲህ ንስሐዎ ይሄ ነው፤ የቀሩትን ይለዩልኝ» አልኩት። አንድ ከሰዓት ሙሉ ሲለይ ዋለ፤ እኔ ስጠይቀው ዋልኩ። አንድ ጎን አንድ ዘፈን ይዞ እንዴት ይሸጣል? ማን ይገዛዋል?

ተሸጧል አለኝ፤ ያውም በሚሊዮን። ሬዲዮ ለእንዲህ ያለ ርዝመት ቦታ አልነበረውም። የእሱ ዘመን ልጆች ግን የኪስ ገንዘባቸውን አጠራቅመው ይገዙና በር ዘግተው ምንጣፍ ላይ ይተኛሉ፤ ሽፋኑን እንደ መጽሐፍ እያነበቡ እስከ መጨረሻው ይሰማሉ። እናቱ «ይሄ ዘፈን ነው ወይስ የቧንቧ ብልሽት?» ትለው ነበር። በኋላ ሦስት ደቂቃ የሚዘፍኑ፣ ፀጉራቸውን ያቆሙ ልጆች መጡና ሳቁባቸው። ረጅሙን መውደድ ነውር ሆነ። እሱ ግን መውደዱን አልተወም።

ከዚያ ያልገባኝን ነገር ነገረኝ። በዘመኑ በብዛት የተሸጠው ዛሬ ርካሽ ነው፣ በየቤቱ ስላለ። ውዱ ያኔ ማንም ያልገዛው ነው።

ይህን ለጋሼ ተረጎምኩለት። ጋሼ ጆሮውን አላመነም።

«ያልተሸጠው ይወደዳል?»

«አዎ።»

ዞር ብሎ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን ሐምራዊ የወንዶች የውስጥ ሱሪ አየ። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አልነካውም። «እንግዲያው እኛ ሀብታም ነን» አለ።

ስቲከሩን ሁሉ ልጬ እንደገና ለጠፍኩ። ባለጭራው ጓደኞቹን ማምጣት ጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስት ሰባት ይሆኑና እጃቸውን አጣጥፈው ጥጉ ላይ ይቆማሉ፤ እንደ ማኅበር። የትኛው ከበሮ መቺ ከየትኛው ባንድ መቼ እንደወጣ ሲከራከሩ ድምፃቸው ከጅምላ ገዢዎቻችን ይበልጣል። ጋሼ መጀመሪያ ጊዜ ፖሊስ መስለውት የንግድ ፈቃዱን አውጥቶ ጠበቃቸው። በኋላ ግን ወንበር አቀረበላቸው፤ አንዱ ስድስት ካልሲ ገዝቶ ነበር።

ካርቶኖቹ አንድ በአንድ አለቁ። ቀይ የነበሩትን፣ ባለአሥራ ሁለቶቹን፣ ለአንድ የቡና ቤት ባለቤት በጥቅል ሰጠሁ። በመጨረሻ አራት ሸክላ ቀረኝ። አራቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ አራቱም ሁለት ዘፈን ያላቸው። የትሮይቪሉ ሽማግሌ አንዱን ገዝቶ ሦስቱን በስጦታ ያገኘ ይመስለኛል። ባለጭራውን ለመንኩት።

«ይውሰዷቸው። በነፃ።»

«እኔ ራሴ ሦስት አለኝ» አለ። «ከዚህ በላይ የተሸጠ የለም እኮ። የሌለው ሰው ከየት ታመጫለሽ?»

ከማኅበሩ አንድም የሚወስድ ጠፋ። የጎረቤት ሱቅ ያለችው የሆሳዕና ሴትዮ ዘንድ አንዱን ወሰድኩ፤ አገላብጣ አየችና «መሐሉ ቀዳዳ ነው፣ ለትሪም አይሆን» ብላ መለሰችልኝ። ሚሊዮን ሰው የገዛውን ዕቃ አንድ ሰው እንዲወስድልኝ እየለመንኩ ሰነበትኩ።

የብርድ ልብሱ መኪና ሐሙስ ጠዋት መጣ። ቦንዳዎቹ ሲወርዱ ጋሼ ወደ ጥጉ ሄደ። አራቱ ሸክላዎችና ማጫወቻው እዚያው ናቸው።

«ይሄ ባዶ ነው?»

«ባዶ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው።»

«ሻንጣሽ የት አለ?»

ሻንጣዬን ከማታው አዘጋጅቼ ካሽ ማሽኑ ሥር ደብቄው ነበር። እኔ እንደሆንኩ ተስፋ አላበዛም። ግን ዝም ብዬ አልሄድም አልኩ። ሱቁ በገዢ ተሞልቷል፤ ብርድ ገብቷልና ከየሎኬሽኑ የመጡ ሴቶች ብርድ ልብስ ይመርጣሉ። ከአራቱ አንዱን አወጣሁ፣ ማጫወቻው ላይ አስቀመጥኩ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፈትኩት። በእልህ።

መጀመሪያ ነፋስ ብቻ ተሰማ። ከዚያ አንድ ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ባቡር። ከዚያ ጊታር፤ ብቻውን፣ ሳይቸኩል። ሴቶቹ ቀና አሉ።

«ሃይቦ፣ ሲሲ» አለችኝ አንዷ ወፍራም ማማ፤ ኧረ እህቴ ማለቷ ነው፤ «ዘፋኙ የሚጀምረው መቼ ነው?»

«አሁን» አልኳት። በዚያ ሱቅ የዋሸሁት የመጀመሪያ ውሸቴ ነው።

ጠበቁ። ሌላ ጊዜ በሬዲዮ አንድ ዘፈን ሲያልቅ ሰው ወደ በሩ ያያል፤ ሁለተኛው ሲያልቅ ይወጣል። ይሄ ግን አያልቅም። ያለቀ ይመስልና ከበሮው ይነሳል፤ ከበሮው ሲደክም ፒያኖው ይተካል። የሚጠብቅ ሰው ደግሞ እጁ ሥራ አይፈታም። ብርድ ልብስ ይዳብሳል፣ ይገልጣል፣ ያነሳል። ማማዋ «አሁን ነው፣ አሁን ነው» እያለች ሦስት ብርድ ልብስ ክንዷ ላይ ደረደረች። ዘፋኙ በስምንተኛው ደቂቃ ግድም አፉን ሲከፍት ሱቁ በእልልታ ተቀበለው። አንዷ ሐምራዊውን የውስጥ ሱሪ አውርዳ «ለባሌ» አለች።

ጋሼ ካሽ ማሽኑ ጋ ቆሞ አንዴ ሴቶቹን፣ አንዴ ሸክላውን ያያል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን ቁጥር አላውቅም።

ጎኑ አለቀ። መርፌው ሸር ሸር ማለት ጀመረ። ሰዎች እንደነቃ ሰው ወደ በሩ አዩ። ማማዋ ብርድ ልብሶቿን ከፍላ ወደ ማጫወቻው ጠቆመች።

«ማይ ፍሬንድ፣ ያስ ስንት ነው? ልጄ ይወደዋል።»

አፌን ስከፍት ጋሼ ቀደመኝ።

«አይሸጥም።»

«ሌሎቹስ? ሦስት አሉ እኮ።»

«እነሱ መለዋወጫ ናቸው» አለ፤ አንሥቶም ከራሱ ወንበር በላይ ሰቀላቸው።

ሻንጣዬን ከካሽ ማሽኑ ሥር ጎትቼ አወጣሁና መሐል ሱቁ ላይ አቆምኩት።

«ገዢ መጥቶ ነበር» አልኩት። «ያልሸጡት እርስዎ ነዎት። ጥጉ ባዶ አይደለም። አይቮሪ ፓርክ የምንሄደው አብረን ነው?»

እርስዎ ስለው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። አንዲት ሴት በሩን ይዛ ልትወጣ ስትል አየና እጁን አወናጨፈብኝ።

«አፍሽን ዝጊና ሸክላውን ገልብጪው!»